አሮጌ ስልክ አፕዴት ሲጠይቅ፦ ከመጫኑ በፊት፣ በሚጫንበት ቀንና ከተጫነ በኋላ ምን ይደረግ?

የኅዳር ብርድ ደሴን ሲይዛት ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጡት ስልኮች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ክስ ይዘው ይመጣሉ፦ «ደህና ነበር እኮ፤ አፕዴት ካደረግሁት ወዲህ ነው የሞተው።» ክሱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አምራቹ ራሱ በአዲስ ሶፍትዌር አማካይነት የአሮጌ ስልክን ፍጥነት፣ የቻርጅ መጠን ወይም አንድ አገልግሎት ሆን ብሎ የቀነሰበት ጊዜ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ያረጀው ባትሪ፣ በሌላ የተተካው ስክሪን፣ ሞልቶ የተጨናነቀው ማከማቻ ወይም በእጅ የተሞላው የተሳሳተ ቀን ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው አፕዴቱ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «ፍላሽ ይደረግልኝ» (ሶፍትዌሩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫንልኝ) ማለት ገንዘብም ፎቶም ያስከፍላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ስልክ በየዓመቱ ለማይቀይር፣ ዘመድ ከጅዳ የላከለትን ወይም በሁለተኛ እጅ የገዛውን ስልክ አምስትና ስድስት ዓመት ለሚይዝ ሰው ነው።

አፕዴት አሮጌን ስልክ የሚቀንሰው በምን መንገድ ነው?

ብዙ ያከራከረው መንገድ ባትሪን ለመጠበቅ ተብሎ የሚጣል ገደብ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ባወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ውስጥ፣ ባትሪያቸው የደከመ የአይፎን 6፣ 6ኤስ እና ኤስኢ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ፕሮሰሰሩን ዝግ የሚያደርግ አሠራር አስገባ፤ ለባለ ስልኩ ግን በግልጽ አልነገረውም። ነገሩ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሲወጣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ለ2018 ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በማርች 2018 በመጣው አይኦኤስ 11.3 ላይም የባትሪን ጤንነት የሚያሳይና ገደቡን ለማንሣት የሚያስችል ገጽ ጨመረ። ፈረንሳይ በ2020 በዚሁ ጉዳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ጣሊያን ቀደም ብላ በ2018፣ አሮጌ ስልኮች የማይችሉትን ሶፍትዌር እንዲጭኑ ደንበኞቻቸውን ገፋፍተዋል በማለት አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታ ነበር።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ጎግል በጃንዋሪ 2025 ለፒክስል 4ኤ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ ለፒክስል 6ኤ የላካቸው አፕዴቶች ባትሪው የሚይዘውን ኃይልና የቻርጁን ፍጥነት የሚቀንሱ ናቸው፤ በ6ኤ ላይ ገደቡ የሚጀምረው ባትሪው 400 ጊዜ ተሞልቶ ሲያልቅ ነው። ከሁሉም የከፋው በ2016 እሳት እየፈጠረ ከገበያ የተሰበሰበው ጋላክሲ ኖት 7 ነው። ስልኩን አልመልስም ያሉ ሰዎች ቻርጁ ከ60 በመቶ እንዳያልፍ የሚያግድ ሶፍትዌር ተጫነባቸው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ ተቃውሞው፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግደው ነገር፣ ይጨምራል። ካሜራ ሲከፈት ወይም የቪዲዮ ጥሪ ሲጀመር ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ በዚህ ጊዜ የደከመው ባትሪ ቮልቴጁ ድንገት ይወርድና ስልኩ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ይላል። ብርድ ደግሞ ይህንኑ ተቃውሞ ይጨምራል። ስለዚህ በወገል ጤና ወይም በኩታበር ጠዋት ላይ የሚጠፋው ስልክ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይሠራል፤ ባለቤቱም «ደሴ ኔትወርኩ ነው የሚያጠፋው» ይላል። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ያንን ድንገተኛ ስበት መቀነስ ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም ባይ ነኝ፤ ክፋቱ ሳይነግሩ ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከተቀየሩ ዕቃዎች ጋር የተያያዘ ሲሆን እኛን ከማንም በላይ የሚነካን ይህ ነው፤ በአገራችን ስክሪኑ ያልተቀየረ አሮጌ ስልክ ማግኘት ቀላል አይደለምና። የመነሻ ቁልፋቸው በሌላ የተተካ የአይፎን 6 ስልኮች አይኦኤስ 9 ሲጫንባቸው «ስሕተት 53» የሚል ቁጥር እያሳዩ ጨርሰው ሞተዋል፤ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በዚህ ምክንያት በ2018 አፕልን 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል። አይኦኤስ 11.3 ሲወጣም ኮፒ ስክሪን የተገጠመላቸው አንዳንድ የአይፎን 8 ስልኮች ንክኪያቸው ጠፋ፤ ሳምንታት ቆይቶ በመጣው 11.3.1 ተስተካከለ።

ሦስተኛው ስልኩ ሳይነካ መተግበሪያው ራሱ የሚሄድበት ነው፤ ለምሳሌ ዋትሳፕ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች የሆኑ ስልኮችን ትቷል። አራተኛው ማንም ያላሰበው ክብደት ነው፤ 2 ጊጋ ራም (ስልኩ እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደር) ይዞ የተወለደ ስልክ ለ4 ጊጋ ታስቦ የተሠራ ሶፍትዌር ሲጫንበት ያቃስታል።

ደረጃ 1፦ የስልኩን ማንነት በወረቀት ይጻፉ

«ቅንብሮች» ከሚለው ውስጥ «ስለ ስልክ» የሚለውን ይክፈቱና ሞዴሉን፣ የአንድሮይድ ስሪቱን፣ የደኅንነት ማሻሻያውን ቀንና የግንባታ ቁጥሩን ይጻፉ። የአይፎን ቅንብሮች በአማርኛ ስለማይመጡ ጄነራል ውስጥ ገብተው አባውት የሚለውን ይከፍታሉ። ቀጥሎ *#06# ደውለው የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይመዝግቡ። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ይጻፉ። ይህ ቁጥር በመጥፎ ፍላሽ ምክንያት ሲጠፋ ስልኩ ኔትወርክ አይይዝም፤ ያልተጻፈ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ቁጥር የትኛው እንደነበረ ማረጋገጥ ችግር ነው።

ከዚያ የጎደለብዎትን ለማወቅ የሚረዳዎትን ዝርዝር ያዘጋጁ፦ ካሜራው ስንት ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል? የጣት አሻራው ይሠራል? ብሉቱዝ፣ የቶርች መብራት፣ ሬዲዮ፣ ሁለተኛው ሲምስ? ዛሬ የሚሠራውን ካልጻፉ ነገ የጠፋው ምን እንደሆነ በትዝታ ብቻ ይከራከራሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን ያረጋግጡ

ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው አስለቅሷል። የሐይቅ ከተማ አንድ ነጋዴ አፕዴት ባደረገ ማግስት ዋትሳፑ እምቢ አለው፤ የባንኩ መተግበሪያ አልከፍትም አለው፤ ድረ ገጽ ሲከፍት «ግንኙነቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ተደረደረበት። ሦስት ቦታ አሳይቶ ሁለቱ ፍላሽ ይደረግ ብለውት ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ቀኑን ሳይ 2017 ይላል። ባትሪው ጨርሶ አልቆ ሲነሣ ቀን ጠይቆ ኖሮ፣ ልጁ በእኛው አቆጣጠር ሞልቶለታል፤ ሰዓቱንም ከጠዋቱ ሦስት ብሎ። ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች እውነተኛነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል። የቀን ማስተካከያው በራሱ እንዲሞላ አደረግሁት፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ አልኩት፤ ሥራው ከአንድ ደቂቃ በታች ነበር።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን ይመርምሩ

አብዛኛውን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ደረጃ ነው፤ «አፕዴት ገደለው» የተባለው ስልክ ሲከፈት ውስጡ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ነውና።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት እናት ከኩታበር መጥተው ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ዓርብ ዓርብ በኢሞ እየተያዩ ያወራሉ። «አንተ ልጅ፣ አፕዴት በል አለኝ፣ እሺ አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷ ብቅ ሲል ድርግም ነው» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ» ብዬ ወደ ስልኩ ዞርኩ። 34 በመቶ ይላል። የቪዲዮ ጥሪ ስሞክር ፊቴን ለአንድ አፍታ አሳየና ጠፋ። ቻርጅ ላይ ሰክቼ ደግሜ ብሞክር ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሽፋኑን ፈትቼ ባትሪውን መስታወት ላይ አስቀምጬ በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ እንዝርት ዞረ፤ ጤነኛ ባትሪ ጀርባው ልሙጥ ስለሆነ ባለበት ይቀመጣል እንጂ አይዞርም። ባትሪው ተቀየረ፤ ሶፍትዌሩን አልነካሁትም። አዲሱ ስሪት ለቪዲዮ የሚስበው ኃይል ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ቢጨምርም ጤነኛ ባትሪ ይሸከመዋል።

እርስዎም ቤትዎ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ስልኩን 100 በመቶ ይሙሉና ነቅለው እየተጠቀሙበት በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን ይጻፉ። ከ40 ወደ 15 የሚዘል ወይም 20 በመቶ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ከዚያ ስልኩን 30 በመቶ ሲደርስ የቶርች መብራቱን አብርተው ካሜራውን ይክፈቱ፤ ከጠፋ ቻርጅ ላይ ሰክተው ያንኑ ይድገሙ። ቻርጅ ላይ ሲሆን የማይጠፋ፣ ሲነቀል የሚጠፋ ስልክ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። ፈተናውን ብርድ ባለበት ጠዋትና ፀሐይ ሞቅ ባለበት ቀትር ቢያደርጉት ልዩነቱ ይበልጥ ይወጣል።

በአይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ ባተሪ፣ ቀጥሎም ባተሪ ሄልዝ የሚለውን ይክፈቱ። እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ ከመጀመሪያው አቅማቸው 80 በመቶውን እንዲይዙ፣ ከ15 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ይህንኑ ከ1000 ዙር በኋላ እንዲያሳዩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከ80 በታች ከሆነና ስልኩ በድንገት ጠፍቶ ስለነበረ ፍጥነቱ እንደተገደበ የሚገልጽ ጽሑፍ ካዩ፣ ከጽሑፉ መጨረሻ ገደቡን ማንሻ ትንሽ ቃል አለች። ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩ ዳግመኛ በድንገት ከጠፋ ገደቡ በራሱ ይመለሳል። ስለዚህ ገደቡን ከማንሣት ይልቅ ባትሪውን መቀየር ይሻላል።

ያበጠ ባትሪ ካገኙ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅም አያድርጉት። ባቲና ቆቦ ሙቀት ላይ መኪና መስታወት ሥር የሚተው ስልክ ቶሎ እንዲያብጥ የሚያደርገው ሙቀቱ ነው። የሚገዙት ባትሪ ላይ የተጻፈው አቅም ከኦርጅናሉ እጥፍ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ ያንኑ መጠን ይዞ እጥፍ ኃይል የሚይዝ ባትሪ የለም።

ደረጃ 4፦ የቀረበልዎት የትኛው ዓይነት አፕዴት ነው?

«አዘምን» የሚለው ቁልፍ አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያሉት ነገሮች የተለያዩ ናቸው። የደኅንነት ማሻሻያ የሚባለው መጠኑ አነስ ያለ ሲሆን የተገኙ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ መልክና አሠራር እምብዛም አይለውጥም። የስሪት ለውጥ የሚባለው፣ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 11 ወደ 12 የሚያሻግረው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋ በላይ ሆኖ የስልኩን አኗኗር ሁሉ ይቀይራል። የመጀመሪያውን ሳይዘገዩ ይጫኑ፤ በተለይ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ በዚያው ስልክ ላይ ካለ። ሁለተኛውን፣ በተለይ ለሞዴሉ የመጨረሻ የሆነውን የስሪት ለውጥ፣ አንድ ወር ያህል አቆይተው የሌሎችን ባለ ስልኮች ልምድ ጠይቀው ይጫኑት ወይም ይተዉት። በመጨረሻው ስሪት ላይ ስሕተት ቢኖር የሚያርመው ቀጣይ ስሪት ስለማይመጣ ነው እንዲህ የምለው። ራሙ 2 ጊጋ ለሆነ ስልክ ደግሞ የስሪት ለውጥን እኔ አልመክርም። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ አሮጌ ስሪት ይዞ መቆየት ለአደጋ ያጋልጣል ይላሉ፤ ክርክራቸው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ስልኩ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ደኅንነቱ ምን ይጠቅማል?

አፕዴቱ በራሱ እንዳይጫን ለማድረግ «ስለ ስልክ» ውስጥ የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ሲነኩ «የገንቢ አማራጮች» የሚባል ክፍል ይከፈታል፤ በብዙ ስልኮች ላይ እዚያ ውስጥ አውቶማቲክ የሥርዓት ዝማኔን ማጥፊያ አለ። ሌሎቹን አይነካኩ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ደግሞ መተግበሪያዎች በዋይፋይ ብቻ እንዲዘመኑ ያድርጉ፤ ያለበለዚያ የወር ፓኬጅዎ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

የስልኩ ስክሪን፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ ወይም ካሜራ የተቀየረ ከሆነ ይህንኑ ለጠጋኙ ሳይነግሩ የስሪት ለውጥ አይጫኑ። አንዳንዱ ኮፒ ስክሪን ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር የማይግባባው የንክኪ መቆጣጠሪያው ሌላ በመሆኑ ነው።

ደረጃ 5፦ ያለዎትን ያስቀምጡ፤ ከሁሉ በፊት ግን ጂሜሉን

ፎቶዎችን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ሁሉም ሰው ያውቃል። የማይታሰበው የጂሜል የይለፍ ቃል ነው። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ የሱቁ ልጅ ጂሜል ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ማንም አይጽፈውም። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ስልኮች በመልሶ ማግኛው (ሪከቨሪ በሚባለው የጥገና ገጽ) በኩል ሙሉ በሙሉ ሲጠረጉ የቀድሞውን ጂሜል የመጠየቅ ጥበቃ ስላላቸው፣ አፕዴት ተበላሽቶ ስልኩ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ባለቤቱ ከገዛ ስልኩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጂሜሉን ከፍተው የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ የስልክ ቁጥርዎን ለማስመለሻ ያስገቡ፣ በወረቀት ይጻፉና ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡ።

ቴሌግራም ላይ ያለው ተራ መልእክት በኩባንያው ማከማቻ ስለሚቀመጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ምሥጢራዊ ውይይት የተባለው ግን አይመጣም። ዋትሳፕ ባክአፕ ካልተደረገ ይጠፋል። የስልክ ቁጥሮች በሲም ላይ ወይም በስልኩ ላይ ብቻ ከሆኑ ወደ ጂሜሉ ያዛውሯቸው።

ማከማቻውን ለማስለቀቅ ከቴሌግራም ይጀምሩ። በአገራችን ስልክ የሚሞላው በአብዛኛው እርሱ ባወረዳቸው ቪዲዮዎች ነው። ቅንብሩ ውስጥ ዳታና ማከማቻ ከሚለው ገብተው ካሹን (በጊዜያዊነት የወረዱትን ፋይሎች) ሲያጸዱ ከ5 እስከ 10 ጊጋ ሲለቀቅ አይቻለሁ፤ መልእክቱም ፎቶውም ከቻናሉ ስለማይጠፋ አይፍሩ። 32 ጊጋ በሆነ ስልክ ላይ ከ5 ጊጋ ያላነሰ ባዶ ቦታ ሳይኖር የስሪት ለውጥ መጀመር አይገባም።

ደረጃ 6፦ የሚጫንበት ቀን

ቻርጁ ከ60 በመቶ በላይ ይሁን፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በቻርጀር ብቻ አይታመኑ፣ ፓወር ባንክ ካለ አጠገብዎ ያድርጉ። በዋይፋይ ያውርዱ። ዋይፋይ ከሌለ *999# ላይ የሌሊት ፓኬጅ መግዛት ይረክሳል። ማውረዱ ሲያልቅ ወዲያው አይጫኑ፤ ስልኩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስነሡት፣ ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፣ ከዚያ ይጫኑ። መጫኑ 20 ደቂቃም አንድ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ምልክቱ ላይ ቆሞ ሲዘገይ ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ነው ስልክ የሚገድለው፤ ስሪቱ በሁለት ክፍል የሚጫንባቸው አዳዲስ ስልኮች ከእንዲህ ያለው ይተርፋሉ፣ አሮጌዎቹ ግን አይተርፉም። አርብ ማታ ወይም ለሥራ በሚነሡበት ጠዋት አይጀምሩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ከተጫነ በኋላ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ይንቀራፈፋል። ስልኩ መተግበሪያዎቹን ለአዲሱ ስሪት እንደገና እያመቻቸ፣ ፎቶዎቹንም እየቆጠረ ስለሆነ ነው። ሌሊት ቻርጅ ላይ ትተው ሁለት ቀን ይታገሡ፤ መተግበሪያዎቹን በሙሉ ያዘምኑ፤ አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስነሡ። በሦስተኛው ቀን በደረጃ 1 የጻፉትን ወረቀት አውጥተው አንድ በአንድ ያወዳድሩ።

ደረጃ 8፦ አንድ ነገር በእርግጥ ከጎደለ

መጀመሪያ ስልኩን በሴፍ ሞድ ያስነሡ፤ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የማጥፊያ ምልክቱን ተጭኖ በመያዝ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ እርስዎ የጫኗቸው መተግበሪያዎች አይሠሩም። ችግሩ እዚህ ከሌለ ጥፋቱ ከመተግበሪያ ነው፤ በቅርብ የጫኑትን እያወጡ ይለዩ።

ችግሩ ከስልኩ ጋር አብረው በመጡ መተግበሪያዎች ከሆነ፣ በ«መተግበሪያዎች» ውስጥ ያንን ከፍተው ከሦስቱ ነጥቦች «ዝማኔዎችን አራግፍ» የሚለውን ይምረጡ፤ መተግበሪያው ወደ ፋብሪካ ስሪቱ ይመለሳል። በማርች 2021 በዓለም ዙሪያ በርካታ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች በተከፈቱ ቁጥር ሲዘጉ፣ ምክንያቱ ዌብቪው የተባለ አንድ የሥርዓት ክፍል አፕዴት ነበር፤ የዚያኑ ዝማኔ ያራገፉ ሰዎች በደቂቃ ውስጥ ዳኑ፤ ፎርማት ያስደረጉት ደግሞ ፎቶአቸውን አጥተው ችግሩ ተመልሶ መጣባቸው።

ኔትወርክ፣ ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ የተበላሸ ከሆነ የኔትወርክ ቅንብሮችን ብቻ ዳግም ማስጀመር ይቻላል፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ይጠፋሉ እንጂ ፎቶ አይነካም። ይህም ካልሆነ ሙሉ ዳግም ማስጀመር ይቀራል፤ ከስሪት ለውጥ በኋላ የሚንቀራፈፍ ስልክ ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈወሳል። የባትሪ ፈተናውን ያላለፈ ስልክ ግን አይፈወስም።

ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስስ?

ደንበኞች ከሁሉ በላይ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው፤ መልሴ በአብዛኛው «አይሆንም» ነው። አፕል ለቀድሞ ስሪቶች የሚሰጠውን ፈቃድ አዲሱ ከወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚያቋርጥ በአይፎን ላይ መንገዱ ዝግ ነው። በሳምሰንግ ላይ የግንባታ ቁጥሩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ አምስተኛ ላይ ያለው ምልክት የማስነሻው (ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ቡትሎደር) ደረጃ ነው፤ በስልኩ ላይ 5 ካለ፣ 4 የሚል ሶፍትዌር አይገባም፤ አስገባለሁ የሚልዎትን ሰው በዚህ ይፈትኑት። የማስነሻውን መቆለፊያ ማስከፈት ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው፦ በሳምሰንግ ስልክ ላይ ሴኪውር ፎልደር የሚባለው የምሥጢር ፎልደር ለዘለቄታው ይዘጋል፤ የባንክ መተግበሪያዎችም የተከፈተ ስልክ ላይ አንሠራም ሊሉ ይችላሉ።

በርካሽ ስልኮች ላይ የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ተጭኖ ካሜራው የተገለበጠ፣ ንክኪው ግራና ቀኙን የተምታታ፣ አይኤምኢአዩ የጠፋ ስልክ በየሳምንቱ አያለሁ። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ ከኋላው ያለው ፊደል ሲለያይ ሶፍትዌሩም ይለያያል። ፍላሽ የግድ ከሆነ በደረጃ 1 የጻፉትን ወረቀት ለጠጋኙ አሳይተው የሚጭነው የግንባታ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉን በዓይንዎ ይዩ።

ከእንግዲህ አፕዴት ለማይመጣለት ስልክ

አይፎን 6 በአይኦኤስ 12፣ 6ኤስና 7 በ15፣ 8ና ኤክስ በ16 ቆመዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ለጥሪ፣ ለፎቶ፣ ለሬዲዮና ለቁርኣን ወይም ለመዝሙር ማዳመጫ ዓመታት ያገለግላል። መተግበሪያ እምቢ ሲለው ድረ ገጹን በአሳሽ መሞከር ይቻላል፤ ቴሌብርም ያለ መተግበሪያ *127# ላይ ይሠራል፣ ለዚህ ዳታም አዲስ ስልክም አያስፈልግም። የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበትን ሲም ግን ከእንዲህ ያለው ስልክ ያውጡና አፕዴት ወደሚያገኘው ያዛውሩት፤ ሁለተኛ ስማርት ስልክ ከሌለ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ለዚያ ሲም ይበቃዋል።